የድሮ ሲጂ 125 ከየቦታው ዘይት ያፈሳል፤ ከማስፈታቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ሲጂ_አዳማ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፈው ከአዳማ ነው። ከአጎቴ የተረከብኳት ሆንዳ ሲጂ 125 አለችኝ። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፤ ጠዋት ግን አንዴ ስረግጣት ትነሳለች።

ችግሬ ዘይት ነው። ሲሊንደሩ ከሞተሩ ሆድ ጋር የሚገናኝበት ግርጌ ይረጥባል። ከፊተኛው ፒኞን (ካቴናውን ከሚያዞረው ጥርስ) ጀርባ ጠብ ጠብ ይላል። የቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ክዳን ዙሪያም ላብ ላብ ይላል። አንድ ጋራዥ ወስጃት ጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያዎቹ መሐል የሚገባው ማሸጊያ) ሁሉ ተቀየረ፣ በላዩም ሲልኮን ተቀባ። ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ተመለሰ። አሁን ሌላ ባለሙያ አይቷት «ይቺ የምትፈልገው ሬክቲፊካ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ትፈታ» አለኝ፤ ሲሊንደሩ ተሞርዶ ፒስተኑ ይቀየር ማለቱ ነው።

ጭስ አታወጣም። ጉልበቷም አልቀነሰም። ከተማ ውስጥ ቀስ ብዬ ስሄድ ፍሰቱ ትንሽ ነው። በደራ በኩል የአሰላን ዳገት ስይዝ ግን ዘይቱ ጫማዬ ላይ ይደርሳል። ሬክቲፊካ የግድ ከሆነ አሠራታለሁ። ካልሆነ ግን ደህና ሞተር ማስፈታት አልፈልግም። የምታውቁ እርዱኝ።

ወንጂ_ማዶ፦

ወንድሜ፣ የድሮ ሞተር ዘይት ማፍሰሱ ያለ ነው። ወፈር ያለ ዘይት አድርግባት። የናፍጣ መኪና 40 ቁጥር ይበቃታል። እኔ ጋ ያለችው እንደዚያ ሆና ስትሠራ ቆይታለች።

የድሮ_መካኒክ፦

ልጄ፣ እስካሁን ምንም አትፍታ።

ጭስ የለም። ጉልበት አልቀነሰም። ከሦስት ቦታ ያፈሳል። ዳገት ላይ ይብሳል። እነዚህን አንድ ላይ ሳያቸው መጀመሪያ የማስበው ስለ ጓርኒሲዮን አይደለም፣ ስለ ሞተሩ ትንፋሽ ነው። ከሦስት ቦታ በአንድ ጊዜ የሚያፈስ ሞተር የግድ ሦስት በሽታ የለበትም።

ከፒስተኑ በላይ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የሚረሳው ከሥሩ ያለው አየር ነው። ፒስተኑ በወረደ ቁጥር ከሥሩ ያለውን አየር ይጨምቃል፤ በወጣ ቁጥር መልሶ ይስባል። ሲጂ ባለ አንድ ሲሊንደር ናት፣ 124 ሲሲ። በደቂቃ 6,000 ዙር ስትዞር በሰከንድ 100 ዙር ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር 124 ሲሲ አየር ወዲያና ወዲህ ይላል። በሰከንድ ከ12 ሊትር በላይ ይመጣል። ሁለት ሲሊንደር ኖሮ አንዱ ሲወርድ ሌላው የሚወጣ ቢሆን አየሩ ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው ሥር ይሄድ ነበር፤ ይህን ያህል አይጨናነቅም። የእንግሊዝ ትራየምፍ ቦኔቪልን የመሳሰሉት የድሮ ሞተሮች ሁለት ሲሊንደር ቢኖራቸውም ሁለቱም ፒስተኖች አብረው ነው የሚወርዱት። ዘይት በማፍሰስ ስማቸው ከሚነሳበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ይጨመራል። የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት) አዲስ ቢሆን እንኳ ከፍንዳታው ጋዝ ትንሽ ወደ ታች ያሳልፋል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጣት ከላይ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ወደ ሆድ የሚያልፈውም ይበዛል። ይህ ሁሉ መውጫው መተንፈሻው ነው። ሲጂ ላይ ከሞተሩ ሆድ የሚነሳ የጎማ ቱቦ አለ፤ ወደ አየር ማጣሪያው ሳጥን ይሄዳል። እሱ ከተዘጋ ወይም ከታጠፈ ጋዙ ሌላ በር ይፈልጋል። ያገኘውን ደካማ ቦታ ሁሉ ይሞክራል፤ ሲወጣም ዘይቱን ይዞ ነው። የሲጂ ካም ሻፍት ያለው ታች ነው። ቫልቮዎቹን የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉበት መንገድ ሆዱን ከቴስታታው ጋር ያገናኛል። ስለዚህ ግፊቱ እስከ ላይኛው ክዳን ይደርሳል። አዲስ ጓርኒሲዮን ለጊዜው ይይዝልሃል፤ ግፊቱ ግን እዚያው አለ።

ስለዚህ ቱቦውን ከሁለቱም ጫፍ ንቀለው። መንገዱን በጣትህ ተከተል፤ በባትሪው ወይም በሳጥኑ ተጨቁኖ የታጠፈ ቦታ እንዳለ እይ። ከዚያ ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕሬሰር አስነፋው። አደራ፣ አየሩ የሚነፋው በተነቀለው ቱቦ ውስጥ እንጂ ወደ ሞተሩ አይደለም። ወደ ሞተሩ ከነፋህ ደህናውን ፓራኦሊዮ (በሚዞሩት ዘንጎች ዙሪያ ዘይት የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ሁሉ ገፍተህ ታወጣዋለህ። ከሳጥኑ ሥር ወደ ታች የሚወርድ፣ ጫፉ በጎማ ቡሽ የተዘጋ አጭር ቱቦም ፈልግ። የተጠራቀመው ውሃና ዘይት የሚፈሰው በእሱ ነው። በየጊዜው ካልተከፈተ ይሞላል።

የዘይቱንም ልክ እይ። ሞተሩን ትንሽ አስነስተህ አጥፋ፤ 2 ወይም 3 ደቂቃ ጠብቅ፤ ሲጂዋን ቀጥ አድርገህ አቁማት። ዘንጉን ጠርገህ ሳታዞረው ዝም ብለህ አስገብተህ አውጣ። ከላይኛው ምልክት ካለፈ ትርፉን ቀንስ። የበዛ ዘይት በክራንክ ሻፍቱ ተመትቶ አረፋ ይሆናል፣ ከዚያ ከትንፋሹ ጋር ይወጣል።

ሲጂ_አዳማ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ መተንፈሻ የነገሩኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። አንድ ነገር ልጠይቅ። ዘይቱ ከየት እንደሚጀምር እንዴት ልለይ? የአዳማን ነፋስ ያውቁታል። መንገድ ላይ ሁሉን ወደ ኋላ ይበትነዋል፤ ቤት ስደርስ ሞተሩ በሙሉ ዘይት ነው።

ቶርኖ_ቤት፦

ለዚህ እኔ ልመልስ። መጀመሪያ ሞተሩን በነጭ ጋዝና በብሩሽ በደንብ እጠበው፤ በሳሙና አለቅልቀህ አድርቀው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ከእሳት ርቀህ። በኃይለኛ የውሃ ግፊት አታስመታው፤ ውሃው ወደ አየር ማጣሪያው ሳጥንና ወደ መተንፈሻው ይገባል። ሲደርቅ የሕፃናት ታልክ ፓውደር በሲሊንደሩ ግርጌ፣ በክዳኑ ዙሪያና በፒኞኑ አካባቢ ንፋበት። ትንሽ ንዳትና ቶሎ ቁም። ረጅም መንገድ አትሂድ፤ ከሄድክ መጀመሪያው ይጠፋብሃል። ፓውደሩ የረጠበበትን ከላይ ወደ ታች እያየህ ውረድ። ዘይት ወደ ላይ አይወጣም፤ ከፍ ያለው እርጥብ ቦታ ምንጩ ነው። ሌላው ፈስሶ የመጣ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የቴስታታውን ዳዶዎች ጥብቀት አስለካ። በመስቀለኛ፣ ከአንዱ ወደ ተቃራኒው፣ ቀስ በቀስ፣ በቶርክ ቁልፍ። በጉልበት አታጥብቅ። የአሉሚኒየም ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ) አንዴ ከተበላ ሥራው እኔ ጋ ይመጣል።

ባለ_3_እግር፦

እኛ ባጃጅ ላይ እንዲህ ነው የምናደርገው። የመተንፈሻውን ቱቦ ጫፍ ውሃ ያለበት ሃይላንድ ውስጥ እንከትና እናስነሳለን። አረፋው ከበዛ ፋሻው አልቋል ማለት ነው። ቀላል ነው፣ ሞክረው።

መካኒካል_4ኛ_ዓመት፦

ወንድሜ ባለ 3 እግር፣ እባክህ ይህን አትምከረው። ሲጂ_አዳማ፣ አንተም እንዳትሞክረው። ጋሼ እንደነገሩን ፒስተኑ ሲወጣ ይስባል። አንድ ሲሊንደር ላይ ቱቦው በየዙሩ አንዴ ይገፋል፣ አንዴ ይስባል። ውሃው በቱቦው ወደ ሞተሩ ሆድ ሊገባ ይችላል። ደግሞም ጤነኛ ሞተር ራሱ አረፋ ያወጣል። አረፋ ቆጥሮ ስለ ፋሻው መፍረድ አይቻልም።

የተሻለ መለኪያ አለ። እዚህ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግፊት ስንማር የምንጠቀምበት ነው፤ ቤት ውስጥም ይሠራል። ጠባብ ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ ግዛ፤ ሜትር ከግማሽ ይበቃል። መሐሉን ወደ ታች አጥፈህ ሰሌዳ ላይ እሰረው፤ ሁለቱም ክንዶች ወደ ላይ ይቁሙ። እስከ ግማሽ ድረስ ንጹሕ የሞተር ዘይት ሙላበት። ውሃ ያልመረጥኩት ሞተሩ በስህተት ቢስበው እንኳ ዘይት ጉዳት ስለሌለው ነው። አንዱን ጫፍ በተበሳ የጎማ ቡሽ አድርገህ የዘይት መለኪያው ዘንግ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ አጥብቀህ ግጠም። የቡሹ ቀዳዳ በጣም ጠባብ ይሁን። ሰፊ ከሆነ ዘይቱ ከትንፋሹ ጋር ይዘላል፤ ጠባብ ከሆነ አማካዩን ያሳይሃል። ሌላው ጫፍ ክፍት ይሁን።

አስነስተህ ዝም ብላ እንድትሠራ ተዋት። ነዳጅ አትስጣት። የሁለቱን ክንዶች የከፍታ ልዩነት ለካ። 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ወደ 1 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል፤ ዘይት ከውሃ ቀለል ስለሚል ትንሽ ያንሳል። ቁጥሩ ግን ብዙም አያስጨንቅህ፤ ንጽጽሩን እይ። መጀመሪያ ሁሉም እንደተገጠመ ለካ። ቀጥሎ የመተንፈሻውን ቱቦ ከሞተሩ ላይ ነቅለህ ለካ። ሲነቀል ልዩነቱ ከጠፋ ጥፋቱ የቱቦው ወይም የሳጥኑ ነው። ተነቅሎም ከፍ ብሎ ከቆየ ጋዙ ከፋሻው በብዛት እያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሬክቲፊካው ወሬ እውነት ሊኖረው ይችላል።

የድሮ_መካኒክ፦

ልጄ፣ ጎበዝ። ይህን መለኪያ ጋራዥ ሁሉ ቢይዘው ስንት ሞተር ከመፈታት በዳነ ነበር።

ቱቦ መግዛት ካልቻለ ኮምፕሬሲዮን (ፒስተኑ ሲጨምቅ ሲሊንደሩ የሚይዘውን ግፊት) ያስለካ። ቁጥሩ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና ያስለካ። ከፍ ካለ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው። ካልተለወጠ ቫልቮ ነው።

ለወንጂው ልጅም ልመልስ። ዘይት ማወፈር ፍሰቱን ያዘገየዋል፣ ግፊቱን አያነሳውም። ባለ አንድ ቁጥር 40 ዘይት ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ወደ ላይ ለመድረስ ይዘገያል፤ የሚጎዳውም ቴስታታው ነው። ለአዳማ ሙቀት 20 ደብልዩ 50 ጥሩ ነው። ግን የሞተር ሳይክል ዘይት ይሁን። ሲጂ ፍሪሲዮኗ እዚያው ዘይት ውስጥ ነው የምትሠራው። አንዳንድ የመኪና ዘይት ማንሸራተቻ ነገር ተጨምሮበታል፤ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤም ኤ የሚል ካየህ ለእንዲህ ዓይነት ፍሪሲዮን የተሠራ ነው።

ወንጂ_ማዶ፦

ጋሼ፣ ገባኝ። የእኔም መተንፈሻ የት እንዳለ ዛሬ ፈልጌ አያለሁ።

ሐይቅ_ዳር፦

ከሃዋሳ ነኝ፣ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። የእኔ ያማሃ ዲቲ 125 ናት፣ ቤንዚን ከዘይት ጋር የምትጠጣው። እሷ ላይ መተንፈሻ ፈልጌ አንድ ቀጭን ቱቦ ብቻ ከካምቢዮው ላይ አገኘሁ። የካምቢዮ ዘይቷ ይቀንሳል፤ ውጭ ግን ጠብታ የለም። ነጭ ጭስ ታበዛለች። ይህም የትንፋሽ ነገር ነው?

የድሮ_መካኒክ፦

የሃዋሳው፣ ያንተ ሌላ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ የክራንክ ቤቱ የታሸገ ነው፤ ራሱ እንደ ፓምፕ ሆኖ ድብልቁን ወደ ላይ ይገፋል። መተንፈሻ ቢኖረው ሞተሩም አይነሳም። ያየኸው ቱቦ የካምቢዮው ብቻ ነው። እሱም ክፍት መሆን አለበት።

የካምቢዮ ዘይት ውጭ ሳይታይ ከጠፋና ነጭ ጭስ ካለ፣ በፍሪሲዮኑ በኩል ያለውን የክራንክ ሻፍት ፓራኦሊዮ ተጠራጠር። እሱ ሲያልቅ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት ይስብና ያቃጥላል። በማኝቶው (በኤሌክትሪክ አመንጪው) በኩል ያለው ሲያልቅ ደግሞ አየር ነው የሚስበው። ያኔ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ነዳጅ ስትለቅም ዙሩ ቶሎ አይወርድም። ይህኛው ፒስተን ያቀልጣልና አታዘግየው። ሲቀየሩ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ።

ሐይቅ_ዳር፦

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ነው የሚመስለው። ሁለቱንም አስቀይራለሁ።

ሲጂ_አዳማ፦

እንግዲህ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቱቦው በባትሪው ማሰሪያ ሥር ተጨቁኖ ጠፍጥፎ ነበር። ከሳጥኑ ሥር ያለው አጭር ቱቦ ደግሞ እስከ አፉ ሞልቷል። ቡሹን ስነቅለው በማኪያቶ ቀለም የሆነ ወፍራም ነገር ወጣ፤ ከታች ያለው ደርቆ ጠንክሯል፣ በሽቦ ነው ያወጣሁት። ቱቦውን ቀየርኩ፣ መንገዱንም ከማሰሪያው አራቅሁት።

በመካኒካል ተማሪዋ መለኪያ ከመቀየሬ በፊትም በኋላም ለክቻለሁ። በፊት ልዩነቱ በዓይን በግልጽ የሚታይ ነበር። አሁን ሁለቱ ክንዶች እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ከዚያ አጥቤ ፓውደር ነፍቼ ወደ ሶደሬ ነዳኋት። የሲሊንደሩ ግርጌ ደረቅ ነው። ክዳኑም ደረቅ ነው። ከፒኞኑ ጀርባ ያለው ግን አሁንም ይረጥባል፣ ትንሽ ቢሆንም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ያ ማኪያቶ የመሰለው ነገር ውሃ ገብቶ ነው? ቴስታታዋ ተሰንጥቃ ይሆን? ሁለተኛ፣ የፒኞኑን ፓራኦሊዮ ሞተር ሳይፈታ መቀየር ይቻላል?

መካኒካል_4ኛ_ዓመት፦

ደስ ብሎኛል! መለኪያው ስለሠራልህ በጣም ደስ ብሎኛል።

ስለ መጀመሪያው አትስጋ። ሲጂ በአየር የምትቀዘቅዝ ናት፤ ከቴስታታዋ የሚገባ የራዲያተር ውሃ የላትም። ቤንዚን ሲቃጠል የውሃ ትነት ይወጣል። ከፋሻው የሚያልፈው ጋዝም ይህን ይዞ ይመጣል። አጭር አጭር መንገድ ብቻ ስትነዳ ዘይቱ በደንብ ሳይግል ትነቱ ቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ውሃ ይሆንና ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። አልፎ አልፎ ረዘም ያለ መንገድ ንዳት፤ ዘይቱ ሲግል ውሃው ተንኖ በመተንፈሻው ይወጣል።

ቶርኖ_ቤት፦

የፓራኦሊዮውን ለእኔ ተውልኝ። አዎ፣ ይቻላል። ካቴናውንና ፒኞኑን አውጣ። ፓራኦሊዮው ፊት ለፊት ይታይሃል። ፊቱ ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፏል። ለምሳሌ 20×34×7 ካለ የውስጡ 20፣ የውጩ 34፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩን ይዘህ ሂድ፤ አሮጌውንም ይዘህ ሂድ። በዓይን ተመሳሳይ ነው ብሎ የሚሸጥልህን አትቀበል።

ስታወጣው በካቻቢቴ ዘንጉን እንዳትጭር። ዘንጉ ላይ የተጫረ መስመር ካለ አዲሱም ያፈሳል። ጥፍርህን አሳልፍበት። ፓራኦሊዮው ለዓመታት ያሸበት ቦታ ላይ ቀለበት የመሰለ ጎድጓዳ መስመር ከተሰማህ አዲሱን ከአሮጌው ቦታ በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ወይም ገባ አድርገህ አስቀምጠው። ከንፈሩ ያልተበላ ብረት ላይ ያርፋል። ስፕሪንግ ያለበት ወገን ወደ ዘይቱ ይዙር። ከንፈሩን ዘይት ቀባው፤ በደረቁ አታስገባው። ሲገባ ቀጥ ብሎ ይግባ። ልኩ የሆነ ቡሶላ (የብሎን መፍቻ ራስ) አስደግፈህ ዙሪያውን በእኩል ቀስ እያልክ ምታ። ካቴናውን ደግሞ ከልክ በላይ አትወጥረው፤ ዘንጉን ወደ ኋላ ይጎትትና ኩሽኔታውንም ፓራኦሊዮውንም ይበላል።

ስለ ሲልኮኑም ልናገር፤ ሁሌ የሚያናድደኝ ነገር ነው። በዳር ተጨምቆ የሚታየው ያህል ወደ ውስጥም ይጨመቃል። ውስጥ ያለው ተቆርጦ ወደ ዘይት ማጣሪያው ወንፊት ይሄዳል። ወንፊት ሲዘጋ ዘይት ወደ ላይ አይደርስም። ቀጣዩን የዘይት ለውጥ ስታደርግ ወንፊቱን አስወጥተህ እይልኝ።

ሲጂ_አዳማ፦

ወንድሜ፣ አየዋለሁ። አንድ የመጨረሻ ነገር። አንዳንድ ልጆች መተንፈሻውን ከሳጥኑ ነቅለው ወደ ውጭ ይለቁታል፤ የአየር ማጣሪያው ዘይት እንዳይጠጣ። ላድርገው ወይስ ልተወው?

የድሮ_መካኒክ፦

ተወው፤ እንደ ተሠራችው ትሁን። ክፍት ጫፍ ሲገፋ ጭሱን ይተፋል፣ ሲስብ ግን ያገኘውን ሁሉ ያስገባል። አዳማ የነፋስ ተርባይን የተተከለባት ከተማ ናት፤ አቧራው ዓመቱን ሙሉ አይለይም። ያ አቧራ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ሲሊንደር ይሞርዳል። ሳጥኑ ውስጥ ከሆነ የሚስበው የተጣራ አየር ነው።

ዘይቱ ማጣሪያውን የሚያስቸግር ከሆነ መሐል ላይ ትንሽ ማጠራቀሚያ ይግባ። ጋዙ በአንዱ አፍ ገብቶ በሌላው ወደ ሳጥኑ ይውጣ፣ ዘይቱ ከታች ይቅር። ሁለተኛ አፍ የሌለው ጠርሙስ ግን ቡሽ ማለት ነው፤ ወደ ጀመርንበት ይመልስሃል። አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ የሚያስገቡም አሉ። በትክክል ከተገጠመ ጥሩ ነው፤ የሞተሩ ሆድ ከውጩ አየር ትንሽ ዝቅ ያለ ግፊት ይይዛል፣ ዘይትም ወደ ውጭ አይገፋም። ግን ቀላል ምላስ ያለው መሆን አለበት፣ ለሞተሩም ቅርብ። በግልባጭ ከተገጠመ አየር እያስገባ መውጫ ይነሳል፤ በአንድ ጉዞ ፓራኦሊዮውን ሁሉ ይተፋዋል። ያንተ አሁን ደርቋል፤ አያስፈልግህም።

የገዛኸው ቱቦ ግን ምን ዓይነት ነው? የአትክልት ውሃ ቱቦ ከሆነ አውጣው። ዘይትና ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልስና ፒስተኑ ሲስብ ይጣበቃል። ለቤንዚን ወይም ለዘይት የተሠራ፣ ግድግዳው ወፍራም ጎማ ይሁን። የውስጡ ስፋት ከአሮጌው አይነስ። ሁለቱንም ጫፍ በፋሸታ እሰረው፤ ግን እስኪሰረጉድ ድረስ አታጥብቀው።

ሲጂ_አዳማ፦

ጋሼ፣ የቤንዚን ጎማ ነው። ስፋቱን ከአሮጌው ጋር አስተያይቼ ነው የገዛሁት። ፓራኦሊዮውን ቅዳሜ እቀይራለሁ፤ ቁጥሩን እዚሁ እጽፈዋለሁ፣ ሌላ ሲጂ ያለው ሰው እንዲጠቀምበት።